ከመመረቄ በፊት የቱን ልማር?

የዛሬዋ ደብዳቤ ጸሐፊ «ጂሲዋ ከሐዋሳ» ብላ ፈርማለች፤ ተመራቂዋ ማለቷ ነው። ደብዳቤዋ ረዘም ያለ ነው፤ ዋና ዋናውን ይኸውላችሁ።

«ጤና ይስጥልኝ። የጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን ተማሪ ነኝ፤ ዘንድሮ እመረቃለሁ። ስለ ዜና አጻጻፍ፣ ስለ ሚዲያ ሕግ፣ ስለ ኮሙኒኬሽን ቲዎሪ ተምሬያለሁ። ውጤቴም ጥሩ ነው። ካሜራ ግን በእጄ የያዝኩት ሁለቴ ብቻ ነው፤ ለአርባ ተማሪ አንድ ካሜራ ስለሆነ ተራ ደርሶኝ ነው። ኤዲቲንግ አልችልም። አሁን በቴሌግራም የሚለቀቁ የሥራ ማስታወቂያዎችን ሳይ እደነግጣለሁ። ቪዲዮ ኤዲቲንግ፣ ግራፊክስ፣ የማኅበራዊ ሚዲያ አስተዳደር፣ ኤስኢኦ ይላሉ። ግማሹ ምን እንደሆነ እንኳ አላውቅም። ወንድሜ 'ሦስት ወር ዲጂታል ማርኬቲንግ ተማሪ፣ 18 ሺህ ብሩን እኔ እከፍላለሁ' ብሎኛል። ዶርም አብራኝ የምትኖረው ልጅ ደግሞ 'ተይው ባክሽ፣ ቲክቶክ ጀምሪ' ትለኛለች፤ እሷ ብዙ ተከታይ አላት። ላፕቶፕ የለኝም። ያለኝ 64 ጊጋ ቴክኖ ስልክ ነው። እናቴ ሲዳማ ስለሆነች ሲዳሙ አፎ እናገራለሁ፤ ግን ለሥራ የሚጠቅመኝ አይመስለኝም። የመውጫ ፈተናም አለብኝ። ከየት ልጀምር?»

እህቴ፣ መጀመሪያ ስለ ገንዘቡ ልመልስ። ለወንድምሽ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ብሩ ይቆይልኝ» በዪው። ዲጂታል ማርኬቲንግ መጥፎ ሙያ ሆኖ አይደለም። እዚያ በዋናነት የሚያስተምሩሽ ግን ዕቃና አገልግሎት መሸጥን ነው፤ ማስታወቂያ ለማን እንደሚለቀቅ፣ በስንት ሰዓት እንደሚለቀቅ፣ ስንት ሰው አይቶ ስንቱ እንደገዛ። ከዚያ ውስጥ ለጋዜጠኛ የሚጠቅመውን በትርፍ ጊዜሽ ትደርሺበታለሽ። አንቺ የጎደለሽ ሌላ ነው። እስካሁን አንድም ሥራ ከሐሳቡ ጀምረሽ ሰው እስከሚያየው ድረስ ብቻሽን ጨርሰሽ አታውቂም። ማስታወቂያዎቹ የሚያስደነግጡሽም ለዚህ ይመስለኛል።

ስለ ማስታወቂያዎቹም የማውቀውን ልንገርሽ። አንድ ሰው ዘጋቢም፣ ፎቶ አንሺም፣ ቪዲዮ ኤዲተርም፣ ግራፊክስ ዲዛይነርም፣ የፌስቡክ ገጽ ኃላፊም እንዲሆን የሚጠይቅ ማስታወቂያ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ቀጣሪው የሚፈልገውን ስላልለየ ነው። ወይም ለአምስት ሰው የሚከፍለው ስለሌለው ነው። ዝርዝሩን አሟልቶ የሚመጣ አመልካች የለም ማለት ይቻላል። የቅጥር ፈተናው ላይ የሚጠየቀው ደግሞ ከማስታወቂያው በጣም ያነሰ ነው። የአንድ መሥሪያ ቤት መግለጫ ይሰጡሽና «ከዚህ ዜና ጻፊ» ይሉሻል። ሬዲዮ ወይም ቴሌቪዥን ከሆነ የድምፅ ፈተና አለ። ከዚያ በኋላ «እስካሁን የሠራሽውን አሳዪን» ይመጣል። ጎበዝ ጎበዝ ልጆች ጭምር ዝም የሚሉት እዚህ ላይ ነው። የሚያሳዩት የምስክር ወረቀት እንጂ ሥራ የላቸውም።

ስለዚህ መሣሪያ እየመረጥሽ አትማሪ። አንድ ጉዳይ ያዢ። ያንን ጉዳይ በጽሑፍ፣ በቪዲዮና በቁጥር ሠርተሽ ጨርሺው። መሣሪያውን እግረ መንገድሽን ትለምጂዋለሽ።

ጉዳዩን ሩቅ አትፈልጊ። ያለሽው ሐዋሳ ነው። አሞራ ገደል ጠዋት ጠዋት ጀልባ ይገባል፣ ዓሣ ይወርዳል፣ ይጸዳል፣ ይሸጣል። ሰው የሚወደው ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ እንደ ድሮው እየተያዘ ነው? መጠኑስ አንሷል? ዋጋውን የሚወስነው አጥማጁ ነው፣ ማኅበሩ ነው ወይስ ነጋዴው? ሐይቁን ደግሞ አስቢው። ጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል፤ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ ግን የለውም። ከከተማውና ከፋብሪካው የሚገባበት ነገር ወዴትም አይሄድም። ይህን ብቻ ይዘሽ ስንት ጥያቄ ይወጣሻል! ዓሣው ካልሳበሽ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሠራተኞች የቤት ኪራይ አለ፣ የባጃጅ ታሪፍ አለ። የትኛውም ይሁን፣ አንዱን ያዢና እስከ ምርቃትሽ አትልቀቂው።

አሁን ደግሞ ደብዳቤሽ ላይ በጣም ያሳዘነኝን ልንገርሽ። ሲዳሙ አፎ «ለሥራ የሚጠቅመኝ አይመስለኝም» ያልሽውን ነው። ሲዳማ ክልል ከሆነ ከሰኔ 2012 ወዲህ የክልሉ ቢሮና ፍርድ ቤት በቋንቋው ይሠራል። ሐዋሳ ውስጥ በቋንቋው የሚያሰራጭ ሚዲያ አለ። አሞራ ገደል ሄዶ አጥማጁን በአፍ መፍቻ ቋንቋው የሚያናግር፣ ከዚያ ለአማርኛ አንባቢ በጥሩ አማርኛ የሚጽፍ ዘጋቢ እንደ ልብ አይገኝም። ቪዲዮ መቁረጥ የሚችል ልጅ በየሰፈሩ አለ። አንቺ ያለሽን ግን ማንም በሦስት ወር ኮርስ አያገኘውም። ማመልከቻሽ ላይ ከመጀመሪያዎቹ መስመሮች በአንዱ ላይ ጻፊው። የምትናገሪውን መጻፍም ካልለመድሽ ከአሁኑ ጀምሪ። አጻጻፉ በላቲን ፊደል ስለሆነ ስልክሽ ላይ ሌላ የፊደል ገበታ መጫን አያስፈልግሽም።

ወደ ስልክሽ እንምጣ። ቴክኖ ስልክ ለመጀመሪያ ሥራ ይበቃል። የምርቃት ስጦታ ካሜራ እስኪመጣ አትጠብቂ። ቪዲዮ የምትቀርጪበትን ጥራት 1080 ላይ አድርጊው። ከዚያ በላይ ካደረግሽው ማኅደረ ትውስታሽ ቶሎ ይሞላል። 1080 ራሱ በደቂቃ 100 ሜጋባይት አካባቢ ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ ዝም ብለሽ አትቅረጪ። ከመሄድሽ በፊት ምን ምን ምስል እንደምትፈልጊ ወረቀት ላይ ጻፊ። እዚያ ስትደርሺ አንዱን ድርጊት ከሩቅ፣ ከመካከለኛ ርቀትና ከቅርብ ቅረጪው። በእያንዳንዱ ላይ ስልኩን ሳታንቀሳቅሺ በልብሽ እስከ አሥር ቁጠሪ። ጀማሪ ሁሉ ስልኩን ወዲያ ወዲህ ያዞራል፤ በኋላ ሲቆርጠው የሚጠቅም አምስት ሰከንድ ያጣል። እጅ ቅረጪ። መረብ የሚፈታ እጅ፣ ብር የሚቆጥር እጅ፣ ዓሣ የሚበልት ቢላ። አሞራ ገደል የሄደ ሁሉ የሚቀርጸው አባ ኮዳ የሚባሉትን ትልልቅ ወፎች ነው። አንድ ምስል ውሰጂና ተያቸው፤ ታሪክሽ ሰዎቹ ናቸው።

ብርሃን ላይ ዕድለኛ ነሽ። ሐይቁ ከከተማው በስተ ምዕራብ ስለሆነ ጠዋት ወደ ሐይቁ ስትቀርጪ ፀሐይ ከኋላሽ ናት፤ የሰውየው ፊት ጥርት ብሎ ይታያል። ከሰዓት በኋላ ግን ይገለበጣል፤ ፊቱ ይጠቁርብሻል። ስለዚህ በጠዋት ሂጂ።

ድምፅ ከምስል ይበልጣል። ተመልካች የደበዘዘ ምስል ይታገሣል፤ የማይሰማ ድምፅ ግን ወዲያው ዘግቶት ይሄዳል። ገመድ ያለው ኢርፎን ካለሽ ማይኩን ከተናጋሪው አፍ አንድ ስንዝር ያህል አርቀሽ ልብሱ ላይ አያይዢው። ከሐይቁ ንፋስ ሲነሳ በነጠላሽ ጫፍ ሸፍኚው። ከመጀመርሽ በፊት ስልኩን ከኔትወርክ አጥፊው፤ ጥሩ ንግግር መሃል ላይ ጥሪ ሲገባ የሚያናድደውን ያህል የሚያናድድ ነገር የለም። ሁሉም ሰው ዝም ሲል ደግሞ የአካባቢውን ድምፅ ብቻ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ቅረጪ። ቆርጠሽ ስትቀጥዪ መገጣጠሚያው ላይ ታስገቢዋለሽ።

ሌላም አለ፣ ትምህርት ቤት ብዙም የማይነገር። ከዲፓርትመንትሽ የትብብር ደብዳቤ ሳትይዢ አትውጪ። ስልክ ይዘሽ ሕዝብ መሃል ስትቀርጪ «ማን ፈቀደልሽ?» የሚል ሰው አይጠፋም። ደብዳቤው ማኅተም ካለበት ጠብ ሳይነሳ ያልፋል። ሰዎቹን ራሳቸውንም አስፈቅጂ። ለምን እንደምትቀርጪና የት እንደሚወጣ ንገሪያቸው። ሕፃናት ሲሠሩ ካየሽ ፊታቸውን አታሳዪ።

ኤዲቲንጉን ካፕካት ላይ ጀምሪ። ስልክ ላይ ይሠራል፤ ለመሠረታዊው ሥራ ክፍያ አያስፈልገውም። የመጀመሪያ ቪዲዮሽ ከ90 ሰከንድ አይብለጥ። ሙዚቃና የሚበር ጽሑፍ አታብዢበት። ሰው አውቶቡስ ውስጥ ድምፅ አጥፍቶ ስለሚያይ የሚነገረውን በጽሑፍ ከሥር አስገቢ። ሲዳሙ አፎ የተናገረውን ሰው በአማርኛ ጽሑፍ ስታጅቢው ሥራሽ ከሌላው ተለይቶ ይታያል። ስልኩን አቁመሽ ወይስ አጋድመሽ እንደምትቀርጪ ግን ከመነሻው ወስኚ። ለቲክቶክና ለመሳሰሉት የቆመ፣ ለቴሌቪዥን የተጋደመ ነው። ቀጣሪ ጣቢያ ሁለቱንም ስለሚፈልግ ዋና ዋናዎቹን ምስሎች በሁለቱም ያዢ። ቆየት ብለሽ የኮምፒውተር ላብ ስታገኚ ዳቪንቺ ሪዞልቭ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ትሞክሪያለሽ፤ ጠንከር ያለ ኮምፒውተር ይፈልጋል። ለድምፅ ብቻ ከሆነ ኦዳሲቲ በደካማ ኮምፒውተርም ይሠራል።

ግማሹን አላውቀውም ካልሻቸው ውስጥ ኤስኢኦ ያስፈራሽ ይመስለኛል። ነገሩ ቀላል ነው፤ ሰው ጉግል ላይ ሲፈልግ ያንቺ ጽሑፍ እንዲገኝ አድርጎ መጻፍ ማለት ነው። በአማርኛ ግን የራሱ ጣጣ አለው። ዓሣን እንኳ ብንወስድ ዓሣ፣ ዓሳ፣ አሣ፣ አሳ ተብሎ ይጻፋል። ከተማሽ ሐዋሳም፣ ሀዋሳም፣ ሃዋሳም፣ አዋሳም ተብላ ትጻፋለች። አንባቢ በአንዱ ሲፈልግ በሌላው የተጻፈው ላይመጣለት ይችላል። ስለዚህ ጽሑፍሽ ውስጥ አንዱን መርጠሽ እስከ መጨረሻው በእሱ ሂጂ። ከመለጠፍሽ በፊት ደግሞ የተለያዩትን አጻጻፎች ጉግልና ዩቲዩብ ላይ ጽፈሽ ሰው በየትኛው እንደሚጠቀም እዪ። ሌላውን አጻጻፍ በቪዲዮው መግለጫ ወይም በመለያ ቃላት ውስጥ አስገቢው። ርዕስሽ ላይ ቦታውንና ጉዳዩን ጻፊ። «አስደንጋጩ ጉድ» የሚል ርዕስ ማንም የሚፈልገው ቃል የለበትም፤ አንባቢንም ያስቀይማል።

አማርኛ በፍጥነት መተየብም ተማሪ። ይህን እንደ ትንሽ ነገር አትዪው። ዜና ክፍል ውስጥ መግለጫ እየተሰጠ ነው የሚጻፈው። ከመሥሪያ ቤት የሚመጣ ፋይል በድሮ የግዕዝ ፎንት ተጽፎ ከሆነ ኮፒ አድርገሽ ፌስቡክ ላይ ስትለጥፊው የላቲን ፊደል ትርምስ ይሆናል። የግዕዝ ፊደል በ1999 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ፊደላት የጋራ ኮድ ውስጥ ገብቷል፤ አሁን በየስልኩና በየኮምፒውተሩ የሚነበበው በዚያ ነው። ሁልጊዜ በዩኒኮድ ጻፊ። ማኅተም ያለበት ወረቀት ስካን ተደርጎ ሲመጣም ቁጭ ብሎ መተየብ ነው። በጣት ፍጥነት ብቻ ተፈላጊ የሆኑ ጀማሪዎች አይቻለሁ።

ቁጥር ደግሞ ብዙ የጋዜጠኝነት ተማሪ የሚሸሸው ነው። አንቺ አትሽሺው። አሞራ ገደል በሄድሽ ቁጥር የአንድ መጠን ቆሮሶ ዋጋ ጠይቀሽ ከእነ ቀኑ ጻፊ። ጉግል ሺትስ በሚባለው ሠንጠረዥ ላይ አስገቢው፤ ስልክ ላይ በነፃ ይሠራል። ወር ሲሞላ ማንም ያልያዘው መረጃ ይኖርሻል። ከዚያ ላብ ገብተሽ ዳታራፐር በሚባለው ነፃ ድረ ገጽ ግራፍ ሥሪ። ጽሑፉን በአማርኛ ማድረግ ትችያለሽ።

ሁለት ወጥመዶችን ግን ከአሁኑ እወቂ። አንደኛው የእኛ ዘመን አቆጣጠር ነው። ሺትስም ኤክሴልም የምታስገቢውን ቀን የሚያነቡት በአውሮፓው ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ለማለት 22/11/2016 ብለሽ ብታስገቢ ፕሮግራሙ የፈረንጆቹ ኖቬምበር ነው ብሎ ሊቀበልሽ ይችላል፤ ስህተት ነው ላይልሽ ይችላል። ያን ዕለት የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን የተደረገበት ቀን ነው። ከዚያ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። የቀኑ ዓመት ሲሳሳት ይህ ሁሉ ለውጥ ስምንት ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ሄዶ ግራፍ ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ ሁለት ዓምድ ያዢ፣ በአንዱ የእኛን ቀን እንደ ተራ ጽሑፍ፣ በሌላው የእነሱን። ሁለተኛው ወጥመድ መቶኛ ነው። ዋጋ ከ200 ወደ 300 ሲወጣ 50 በመቶ ጨመረ። ከ300 ወደ 200 ሲመለስ ግን የቀነሰው 33 በመቶ ገደማ ነው። ይህን የሚያምታቱ ዜናዎች በየቀኑ ይወጣሉ። የሕዝብ ብዛት ስትጠቅሺም ተጠንቀቂ። አገራችን ለመጨረሻ ጊዜ ቆጠራ ያካሄደችው በእኛ አቆጣጠር በ1999 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ትንበያ ነው። «ትንበያ» ብለሽ ጻፊው።

ከሁሉም በላይ ልቤ የሚያርፍበት ግን ማጣራት ነው። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ የሌላ አገር ፎቶ፣ የድሮ ፎቶ፣ የቪዲዮ ጌም ምስል ጭምር «ዛሬ የሆነ» እየተባለ ሲዞር አይተናል። ሰው በዚያ ተቆጥቷል፣ አልቅሷል፣ ጎረቤቱን ጠርጥሯል። አንቺ የምትገቢበት ሙያ ይህን ማስቆም ካልቻለ ለምን ይጠቅማል? ዘዴው ከባድ አይደለም። ፎቶ ሲመጣልሽ ጉግል ሌንስ ላይ አስገቢና ከዚህ በፊት የት እንደወጣ እዪ። ያልሰጠሽ እንደሆነ ቲንአይ ወይም ያንዴክስ ላይ ሞክሪ። ቪዲዮ ከሆነ ዋና ዋና ክፍሎቹን ስክሪንሹት አንስተሽ እንዲሁ አድርጊ። ኮምፒውተር ላይ ኢንቪድ የሚባል የብራውዘር ማከያ ይህን ራሱ ይሠራልሻል። ከዚያ ምልክቶቹን እዪ፤ የሱቅ ጽሑፍ፣ የመኪና ታርጋ፣ የተራራ ቅርጽ፣ የሰው አለባበስ። ጉግል ኧርዝ ላይ ቦታውን ፈልጊ። እነዚህን ሁሉ ስትጨርሺ እዚያ አካባቢ ላለ ሰው ስልክ ደውዪ። ስልክ መደወልን የሚተካ መሣሪያ እስካሁን አልተሠራም። ኢትዮጵያ ቼክ የሚያወጣቸውን የማጣራት ሥራዎች እያነበብሽ እንዴት እንደደረሱበት ተከታተዪ። አንድ ሳምንት ሐዋሳን በሚመለከት የሚዞር አንድ ወሬ አጣሪና የሄድሽበትን መንገድ ደረጃ በደረጃ ጻፊው። ይህ ጽሑፍ ለቀጣሪ ከማንኛውም ቪዲዮ በላይ ይናገርልሻል።

ዶርም አብራሽ ስለምትኖረው ልጅ። ቲክቶክን አልንቅም። ወጣቱ ያለው እዚያ ነው፤ ሚዲያዎቹም ሁሉ እዚያ ገብተዋል። ጓደኛሽ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰከንዶች ሰው እንዴት እንደሚያዝ ከእኔ የበለጠ ታውቃለች፤ ቁጭ ብለሽ ተማሪያት። ግን ተከታይ ማብዛትን ግብ አታድርጊው። ተከታይ የሚያመጣው ብዙ ጊዜ ቁጣና ስድብ ነው፤ አንድ ጊዜ ከገባሽበት ደግሞ ተከታዩ ራሱ ሌላ ነገር እንድትሠሪ አይፈቅድልሽም። ሕጉንም እወቂው። የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ከ5,000 በላይ ተከታይ ያለው ገጽ ላይ የሚፈጸመውን ጥፋት ከፍ አድርጎ ነው የሚቀጣው፤ እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100 ሺህ ብር መቀጮ ይደርሳል። ተከታይ ሲበዛ ኃላፊነቱም ይበዛል። የዓሣውን ቪዲዮ እዚያ ለጥፊ። ሙያሽን የሚያሳይ ገጽ አድርጊው። ቀጣሪ ስምሽን ፈልጎ ሲያገኝሽ የሚያየው እሱን ነው።

ገጽ ከከፈትሽ መቆለፊያውንም አጥብቂ። ቴሌግራምሽ፣ ኢሜይልሽና ቲክቶክሽ ላይ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አብሪ። «ኮድ ተልኮልሻል፣ ላኪልኝ» የሚል መልእክት ከእናትሽ ስልክ ቢመጣ እንኳ አትላኪ። በዚህ መንገድ አካውንታቸውን የተነጠቁ ብዙ ናቸው። ጋዜጠኛ ሲነጠቅ ደግሞ ምንጮቹም አብረው ይጋለጣሉ።

ስለ ቻትጂፒቲ አልጠየቅሽኝም፤ ግን ትጠቀሚበታለሽ ብዬ አስባለሁ። የእንግሊዝኛ ሰነድ ለማሳጠር፣ ለቃለ መጠይቅ ጥያቄ ለማሰባሰብ ተጠቀሚበት። አማርኛውን ግን እንዳለ አትቀበዪው፤ ያልነበረ ስምና ቀንም ፈጥሮ ይሰጥሻል። ምንጭሽ በምስጢር የነገረሽን ነገር በፍጹም አታስገቢበት። ዜናሽን እሱ ከጻፈው ደግሞ የቅጥር ፈተናው ቀን መግለጫውን ይዘሽ ብቻሽን ነው የምትቀመጪው።

ለትምህርት ገንዘብ አታውጪ ያልኩሽ ነፃ ስላለ ነው። ሮይተርስ ለጋዜጠኞች ያዘጋጀው የዲጂታል ጋዜጠኝነት ኮርስ አለ። የጉግል ኒውስ ኢኒሼቲቭ አጫጭር ትምህርቶች አሉ። ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ያለው ናይት ሴንተር ለመላው ዓለም ጋዜጠኞች በኢንተርኔት ይሰጣል። አንዱን ምረጪና ጨርሺ፤ ሦስት ጀምሮ መተው ልማድ ይሆናል። እንግሊዝኛው ቢከብድሽም አትተዪው፣ ቀስ እያልሽ ሂጂ። ቪዲዮዎቹን ግቢ ውስጥ ዋይፋይ ባለበት ሰዓት አውርጂ። የወንድምሽን ብር ከምርቃት በኋላ ያገለገለ ላፕቶፕ ግዢበት፤ እሱም ደስ ይለዋል።

የመውጫ ፈተናውን ከዚህ ሁሉ አታስበልጪ አልልሽም፤ አስበልጪው። ከ2015 ጀምሮ 50 በመቶ ሳያመጡ ዲግሪ የለም። ቀንሽን ለእሱ ስጪ። አሞራ ገደልን በሳምንት አንድ ጠዋት ብቻ ስጪው። ፈተናው ሊደርስ ሲል እሱንም አቁሚው፤ ከፈተናው በኋላ ትመለሺበታለሽ።

ሥራዎችሽን አንድ ቦታ ሰብስቢ። በራስሽ ስም የቴሌግራም ቻናል ክፈቺ፤ ጽሑፉን፣ ቪዲዮውን፣ ግራፉንና የማጣራት ሥራውን እዚያ አስቀምጪ። አራት ጥሩ ሥራ ይበቃል። የኢሜይል አድራሻሽም ስምሽና የአባትሽ ስም ይሁን፤ የፍሬሽማን ጊዜውን ቅጽል ስም ተዪው።

ከዚያ ምርቃትን ሳትጠብቂ ሐዋሳ ላሉት ጣቢያዎች፣ አዲስ አበባ ላሉት ጋዜጦችና ሬዲዮዎች ለኢንተርንሺፕ ጻፊ። «ለሚመለከተው ሁሉ» አትበዪ። የዲጂታል ክፍሉን ኃላፊ ስም ጠይቀሽ ለእሳቸው ጻፊ። እንዲህ ብትዪ ይበቃል፦

«ጤና ይስጥልኝ። የአራተኛ ዓመት የጋዜጠኝነት ተማሪ ነኝ። አማርኛና ሲዳሙ አፎ እጽፋለሁ፣ እናገራለሁ። የሐዋሳ ሐይቅን የዓሣ ዋጋ በየሳምንቱ እየመዘገብኩ በጽሑፍ፣ በቪዲዮና በግራፍ ሠርቻለሁ፤ ሊንኩ ከታች አለ። በዲጂታል ክፍላችሁ ለሁለት ወር በኢንተርንሺፕ መሥራት እፈልጋለሁ። ስልኬ ይኸውና።»

መልስ ካልመጣ በሳምንቱ ደውዪ። አሁንም ካልመጣ ሥራሽን ስልክሽ ላይ ይዘሽ በአካል ሂጂ፤ ከጠዋቱ የዜና ስብሰባ በኋላ ያለው ሰዓት ይሻላል።